መሪ «አልለቅም» ቢል ማን ያስወጣዋል? ከሐዋሳ ለተላከ ጥያቄ የተሰጠ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄውን የላኩት ሐዋሳ ውስጥ የዜግነት ትምህርት የሚያስተምሩ መምህር ናቸው። እንዲህ ይላል፦ «ስለ ሥልጣን ዘመን ሳስተምር አንዲት ተማሪ ‹መሪው በምርጫ ተሸንፎ ወይም ዘመኑ አልቆ አልወጣም ቢልስ? የሚያስወጣው ፖሊስ ነው፣ ፍርድ ቤት ነው ወይስ ጦሩ?› ብላ ጠየቀችኝ። የእኛ ሕገ መንግሥት ለዚህ ምን መልስ አለው? እንደ እኔ ያለ የመንግሥት ሠራተኛስ በዚያ ቀን የማንን ደብዳቤ ይቀበላል?»

መምህር፣ አጭሩን መልስ ላስቀድም። መሪን ከቤተ መንግሥት ጎትቶ የሚያወጣ አካል ለይቶ የሚሰይም ሕገ መንግሥት ማግኘት ያስቸግራል። ሕጉ የሚነጥለው ሥልጣኑን ከሰውየው ነው። ከተቆረጠች ቀንና ሰዓት በኋላ የቀድሞው መሪ የሚሰጠው ትእዛዝ የአንድ ግለሰብ ቃል ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚወስኑት ትእዛዙን የሚቀበሉት ሰዎች ናቸው፤ እነሱም በቁጥር ጥቂት ናቸው፦ የጦሩ ኤታማዦር ሹም፣ የጥበቃ ኃይሉ አዛዥ፣ የማዕከላዊ ባንኩ ገዥ፣ የገንዘብ ሚኒስትሩ፣ የምርጫ አስፈጻሚው ሰብሳቢ፣ አፈ ጉባኤው፣ የብሔራዊ ቴሌቪዥኑ ኃላፊ። መሪ ብቻውን ሥልጣን ላይ ሊቆይ አይችልም፤ የሚቆየው እነዚህ ሰዎች አብረውት ሲቆዩ ነው። ለተማሪዋ ቢነግሯት የምመክረው ይህንን ነው፦ አገር የሚተርፈው እነዚህ ሰዎች በዚያች ሰዓት ወደ ማን መዞር እንዳለባቸው አስቀድሞ፣ ለክርክር በማይመች ቋንቋ ተጽፎ ሲጠብቃቸው ነው።

ዝርዝሩን ልቀጥል። የውጭ አገሮቹን ዘመን እንደ አውሮፓውያኑ፣ የእኛን በእኛው አቆጣጠር እጽፋለሁ።

«አልለቅም» ሦስት መልክ አለው። አንዱ ተሸንፎ ውጤቱን አለመቀበል ነው፤ ኮትዲቯር በ2010፣ ጋምቢያ በ2016 ያዩት። ሌላው ዘመኑ ሲያልቅ ምርጫ ሳያካሂዱ መቀጠል ነው፤ ዴሞክራቲክ ኮንጎ በ2016፣ ሶማሊያ በ2021 የገቡበት። ሦስተኛው ዘመኑ ከማለቁ በፊት ሕጉን ቀይሮ ገደቡን ማንሳት ነው፤ ቡርኪና ፋሶ በ2014 የተሞከረው። እዚሁ አዲስ አበባ ጃንዋሪ 30 ቀን 2007 የጸደቀው የአፍሪካ የዴሞክራሲ፣ የምርጫና የአስተዳደር ቻርተር በአንቀጽ 23 ሕገ ወጥ የመንግሥት ለውጥ ያላቸውን አምስት ነገሮች ዘርዝሯል። መፈንቅለ መንግሥት፣ ቅጥረኛ ወታደርና የታጠቀ አማፂ ሦስቱ ናቸው። አራተኛው ነፃና ፍትሐዊ ምርጫ ተካሂዶ ለአሸናፊው ሥልጣን አለማስረከብ ሲሆን፣ አምስተኛው የሥልጣን መተካካትን መርሕ የሚጥስ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው። ልብ ይበሉ፤ ምርጫውን ራሱን እያስተላለፉ መቀመጥ በስሙ አልተጠራም። በእኔ እምነት የቻርተሩ ትልቁ ቀዳዳ ይህ ነው፤ ብልህ መሪም መሸነፍን ከሚክድ ይልቅ ቀኑን መግፋት ይመርጣል።

ቀኑና ሰዓቱ

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት 20ኛው ማሻሻያ የፕሬዚዳንቱ ዘመን ጃንዋሪ 20 ቀን እኩለ ቀን ላይ ያበቃል ይላል። የተሰናባቹ ፊርማ፣ የሽንፈት ንግግር፣ የቁልፍ ርክክብ አንዱም አያስፈልግም፤ ሰዓቱ ሲሞላ ያበቃል። ቀኑ እንዲህ ጠንካራ ሲሆን ግፊያው ከቀኑ በፊት ወዳለው ደካማ ደረጃ ይዞራል። በ2021 በኮንግረሱ ሕንፃ ላይ ጥቃት የደረሰውም ጃንዋሪ 6፣ ኮንግረሱ የመራጮችን ድምፅ በሚቆጥርበት ዕለት ነበር። በ2022 የወጣው ሕግ ያንን ደረጃ አጠበቀው። ቀድሞ አንድ ተቃውሞ እንዲሰማ ከየምክር ቤቱ አንድ አንድ አባል መፈረሙ ይበቃ ነበር፤ አሁን የእያንዳንዱ ምክር ቤት አንድ አምስተኛ መፈረም አለበት።

ለእኛ የሚቀርበው ግን የኬንያ ትምህርት ነው። በ2007 ዲሴምበር 30 ቀን ውጤት በተነገረበት ምሽት፣ ተቃዋሚው አቤቱታ ለማቅረብ ፋታ ሳያገኝ፣ ቃለ መሐላው እዚያው ቤተ መንግሥት ውስጥ ተፈጸመ። በተከተለው ግጭት ከ1,100 በላይ ሰው ሞተ። ኬንያውያን የ2010ሩን ሕገ መንግሥት ሲጽፉ ያንን ምሽት አልረሱትም። አንቀጽ 140 ውጤት ከተገለጸ በኋላ አቤቱታ ለማቅረብ 7 ቀን፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለመወሰን ደግሞ 14 ቀን ሰጠ። አንቀጽ 141 የቃለ መሐላውን ቀን ቆረጠ፦ አቤቱታ ከሌለ ውጤት በተገለጸ በ14ኛው ቀን ማግሥት ባለው የመጀመሪያው ማክሰኞ፤ ፍርድ ቤት ምርጫውን ካጸናው በ7ኛው ቀን ማግሥት ባለው ማክሰኞ። በ2022 ውጤቱ ኦገስት 15 ተነገረ፣ ፍርዱ ሴፕቴምበር 5 ተሰጠ፣ ቃለ መሐላው ማክሰኞ ሴፕቴምበር 13 ተፈጸመ። ማንም ቀን አልመረጠም፤ ቀኑ ከሕጉ ተቆጥሮ ወጣ። ይኸው ሥርዓት በ2017 ምርጫውን እስከ መሻር ደርሶ አገሪቱ አልፈረሰችም።

በተቃራኒው የኮንጎን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 70 ይመልከቱ። ፕሬዚዳንቱ ዘመናቸው ሲያበቃ አዲሱ ተመራጭ ሥራውን እስኪረከብ ድረስ በቦታቸው ይቆያሉ ይላል። ዓላማው ደግ ነበር፤ አገር ያለ መሪ እንዳትውል ነው። የፕሬዚዳንት ካቢላ ሁለተኛ ዘመን በዲሴምበር 2016 ሲያልቅ ግን ምርጫ ስላልነበረ ተረካቢም አልነበረም፤ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱም በዚያው ዓመት ሜይ ላይ በዚህ አንቀጽ መሠረት መቆየት ይችላሉ ብሎ ነበር። በካቶሊክ ጳጳሳት ሸምጋይነት የዓመቱ የመጨረሻ ዕለት የተፈረመው ስምምነት ምርጫው በ2017 እንዲሆን ቢልም፣ የተካሄደው ዲሴምበር 30 ቀን 2018 ነው። «ተተኪ እስኪመጣ» የሚል አንቀጽ ከጎኑ «ከዚህ ቀን በላይ ግን አይደለም» የሚል ካልተጻፈበት፣ ተተኪው እንዳይመጣ ማድረግን ያበረታታል።

ሶማሊያም ጎረቤት ናትና ትጠቀስ። የፕሬዚዳንቱ ዘመን ፌብሩዋሪ 8 ቀን 2021 አለቀ። ኤፕሪል 12 የታችኛው ምክር ቤት ሁለት ዓመት ጨመረ፤ ኤፕሪል 25 የጦሩ ክፍሎች ሞቃዲሾ ውስጥ ተከፋፍለው ተታኮሱ፤ ሜይ 1 ያው ምክር ቤት ማራዘሚያውን ሻረ። ምርጫው የተካሄደው ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ቆይቶ ነው።

ትእዛዝ ተቀባዮቹ

ወሳኙ ክፍል እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ገንዘቡን እንይ፤ ከጠመንጃው ያነሰ ይወራለታል እንጂ ሥራው የበለጠ ነው።

ኮትዲቯር ውስጥ በኖቬምበር 28 ቀን 2010 ሁለተኛ ዙር ምርጫ ተካሄደ። የምርጫ ኮሚሽኑ ቃል አቀባይ ከፊል ውጤት ሊያነብ ካሜራ ፊት ሲቆም ከኮሚሽኑ አባላት አንዱ ወረቀቱን ከእጁ ነጥቆ ቀደደው። በኋላ ኮሚሽኑ ተቃዋሚውን ዋታራን በ54 በመቶ አሸናፊ ሲያደርግ፣ የሕገ መንግሥት ምክር ቤቱ በማግሥቱ የሰሜኑን ድምፅ ሰርዞ በሥልጣን ላይ የነበሩትን ባግቦን አሸናፊ አደረገ። ሁለት ፕሬዚዳንት፣ ሁለት ቃለ መሐላ ሆነ። ዋታራ አቢጃን በሚገኝ ሆቴል ውስጥ በተባበሩት መንግሥታት ወታደሮች ተከበው ተቀመጡ፤ ቤተ መንግሥቱ፣ ቴሌቪዥኑና ጦሩ በባግቦ እጅ ነበሩ።

ይሁንና አገሪቱ ገንዘቧን ከሌሎች ሰባት አገሮች ጋር ትጋራለች፤ ማዕከላዊ ባንኩ ዳካር ነው ያለው። በዲሴምበር 2010 የአባል አገሮቹ የገንዘብ ሚኒስትሮች በመንግሥት ሒሳብ ላይ መፈረም የሚችለው በዋታራ የተሾመ ሰው ብቻ ነው ብለው ወሰኑ። የባንኩ ገዥ ለባግቦ ወገን ማውጣቱን ስላላቆመ በጃንዋሪ 2011 ሥራውን ለቀቀ። ባግቦ የባንኩን የአቢጃን ቅርንጫፎች በወታደር ያዙ፤ ካዝናው በእጃቸው ሆነ፣ የክፍያ ሥርዓቱ ግን ዳካር ቀረ። ፌብሩዋሪ ላይ ትልልቆቹ የውጭ ባንኮች ሥራ አቆሙ፤ ሰው ከማሽን ገንዘብ ማውጣት አቃተው፤ የወታደርና የሠራተኛ ደመወዝ በየወሩ የሚያስጨንቅ ጉዳይ ሆነ። ደመወዝ የሚያስተጓጉል መሪ ከኤታማዦር ሹሙ በፊት የሚያጣው ተራውን ወታደር ነው። ባግቦ ኤፕሪል 11 ቀን 2011 ተያዙ። እስከዚያ ግን 3,000 ያህል ሰው አልቋል። የገንዘብ ማነቆ ይሠራል፤ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው፣ ሕዝቡንም አብሮ ያንቃል።

ጥበቃው ሌላ ነው። በፔሩ ዲሴምበር 7 ቀን 2022 ፕሬዚዳንት ካስቲዮ በቴሌቪዥን ቀርበው ኮንግረሱን በትኛለሁ አሉ። ጦሩና ፖሊሱ በጋራ መግለጫ ከሕገ መንግሥቱ ውጭ የሆነ ትእዛዝ አንፈጽምም አሉ። ኮንግረሱ በ101 ድምፅ ከሥልጣን አነሳቸው። ወደ ሜክሲኮ ኤምባሲ ሲጓዙ መኪናቸውን ወደ ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ያዞሩት የራሳቸው አጃቢዎች ናቸው። ከሰዓት በኋላ ምክትላቸው ቃለ መሐላ ፈጽመው ነበር። በደቡብ ኮሪያ ግን ፕሬዚዳንት ዩን ከታገዱ በኋላ እንኳ ጃንዋሪ 3 ቀን 2025 መርማሪዎች የፍርድ ቤት ማዘዣ ይዘው ሲመጡ ጠባቂዎቻቸው በአካላቸው ግንብ ሠርተው ለሰዓታት ቆመው መለሷቸው። የተያዙት በጃንዋሪ 15፣ በሁለተኛው ሙከራ ነው። ልዩነቱ ጠባቂው የሚጠብቀው ማንን ነው የሚለው ላይ ነው፦ መንበሩን ወይስ ሰውየውን? በቡርኪና ፋሶ ፕሬዚዳንት ኮምፓዎሬ ለራሳቸው ያደራጁት የጥበቃ ክፍለ ጦር እሳቸው ከሸሹ ዓመት ሳይሞላ፣ በሴፕቴምበር 2015፣ የሽግግሩን መንግሥት ሊገለብጥ ሞክሯል። መሪው ሲሄድ ጥበቃው ቀርቶ ነበር።

ጋምቢያ፦ አንድ ጉዳይ በቅርበት

እስካሁን ያነሳሁትን አንድ ላይ የሚያሳይ ምሳሌ ቢፈልጉ ይህን ያስተምሩ። ጋምቢያውያን በ2016 የመረጡት በወረቀት አልነበረም። መራጩ አንዲት ብይ ይቀበልና በዕጩው ቀለም በተቀባ በርሜል ውስጥ በቱቦ ይለቃታል፤ ብይዋ ስትወድቅ ውስጥ ያለች ደወል አንዴ ትመታለች። ሁለት ጊዜ ከጮኸ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ መርጧል ማለት ነው። በዚያ ዓመት ደግሞ ቆጠራው እዚያው ጣቢያው ላይ፣ ታዛቢዎች ባሉበት ሆነ። ይህ ትንሽ የሚመስል ለውጥ ነው፤ ውጤቱ በመቶዎች በሚቆጠሩ ጣቢያዎች ከታወቀ በኋላ ማዕከል ላይ መቀየር ከባድ ነው።

ዲሴምበር 1 ድምፅ ተሰጠ፤ በማግሥቱ 22 ዓመት የገዙት ጃሜ በቴሌቪዥን ሽንፈታቸውን ተቀብለው ለአሸናፊው ለአዳማ ባሮው ደወሉ። ዲሴምበር 9 ግን ሐሳባቸውን ለወጡ። ከዚያ ያደረጉት ሁሉ ሕጋዊ ልብስ የለበሰ ነበር። ፓርቲያቸው ለጠቅላይ ፍርድ ቤት አቤት አለ፤ ፍርድ ቤቱ ግን ዳኛ አልነበረውም። ችሎት ለመሙላት ከናይጄሪያና ከሴራሊዮን ዳኞች መምጣት ነበረባቸው፣ እነሱም አልመጡም። ጃንዋሪ 17 የአስቸኳይ ጊዜ ታወጀ፤ ምክር ቤቱም ዘመናቸውን በሦስት ወር አራዘመ። ይህን ቅደም ተከተል ተማሪዎች ይያዙት፤ አቤቱታ፣ የማይሰየም ችሎት፣ አስቸኳይ ጊዜ፣ ማራዘሚያ።

ምክትል ፕሬዚዳንቷና ሚኒስትሮች በተከታታይ ለቀቁ። የጦሩ አዛዥ ለፖለቲካ ጠብ ሲሉ ወታደሮቻቸውን እንደማያዋጉ ተናገሩ። ጃንዋሪ 19 ዘመኑ አልፎ ሲያድር ባሮው ዳካር በሚገኘው የጋምቢያ ኤምባሲ ውስጥ ቃለ መሐላ ፈጸሙ፤ በዚያው ዕለት የፀጥታው ምክር ቤት ውሳኔ 2337ን አጸደቀ፤ የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ማኅበረሰብ ጦርም ድንበር ተሻግሮ ለሽምግልና ሲባል ቆመ። የጊኒና የሞሪታኒያ መሪዎች ገብተው ጃሜ ጃንዋሪ 21 ማታ ወደ ኢኳቶሪያል ጊኒ በረሩ። የኤምባሲው ቃለ መሐላ ለይስሙላ የተደረገ እንዳይመስልዎት። ያ ባይኖር ጎረቤቶቹ የሚገቡት በማን ጥያቄ ነው? የጦሩ አዛዥስ ሰላምታ የሚሰጠው ለማን ነው? ታዛዥነት እንዲዞር የሚዞርበት ሰው ቆሞ መታየት አለበት።

ማስረጃ ብቻውን ግን አይበቃም። በቬኔዙዌላ የጁላይ 28 ቀን 2024 ምርጫ ተቃዋሚዎች ከ80 በመቶ በላይ የሆኑ ጣቢያዎችን የውጤት ቅጽ ቅጂ ሰብስበው ለሕዝብ ይፋ አደረጉ። የምርጫ ምክር ቤቱ የየጣቢያውን ዝርዝር ሳያወጣ በሥልጣን ላይ የነበሩትን ማዱሮን አሸናፊ አለ፣ ጦሩም አብሮ ቆመ፤ ማዱሮ ጃንዋሪ 10 ቀን 2025 ቃለ መሐላ ፈጸሙ።

ለተሰናባቹ የሚጠብቀው ኑሮም ከጉዳዩ አይለይም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ከሥልጣን ወዲያ ምንም የለም የሚል ፍርሃት አለበት፤ ከሥልጣን ወዲያ እስር ብቻ ካለማ መሪውም ባለሟሉም እስከ መጨረሻው ይታገላል። የእኛ አገር አዋጅ ቁጥር 653/2001 ከኃላፊነት ለሚነሱ የአገርና የመንግሥት መሪዎች መብትና ጥቅም መወሰኑ ከዚህ አንፃር ተገቢ ነው። ለወንጀል ምሕረት መስጠት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሁለቱን ማደባለቅ አይገባም።

የእኛ ሕገ መንግሥት

እኛ ጋ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በሕዝብ በቀጥታ አይመረጥም። በአንቀጽ 73 መሠረት ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት መካከል ይመረጣል፤ በአንቀጽ 72 ደግሞ ዘመኑ የምክር ቤቱ ዘመን ነው። የዘመን ቁጥር ገደብ የለበትም፤ ሁለት ጊዜ ብቻ የሚለው አንቀጽ 70 ስለ ፕሬዚዳንቱ ነው የሚናገረው። ተማሪዎች ብዙ ጊዜ ይህን ያምታቱታል። ስለዚህ በእኛ ሥርዓት ጥያቄው የሚነሳው ከሁለት በአንዱ ነው፤ ሌላ ፓርቲ አብላጫ ወንበር ሲያገኝ፣ ወይም የምክር ቤቱ አምስት ዓመት አልቆ አዲስ ምክር ቤት ሳይኖር።

ለመጀመሪያው ሕገ መንግሥቱ ከሚታሰበው በላይ መልስ አለው። አንቀጽ 58 ምርጫው የምክር ቤቱ ዘመን ከማብቃቱ አንድ ወር አስቀድሞ መጠናቀቅ አለበት ይላል። የምክር ቤቱ ዓመታዊ ሥራ የሚጀምረው በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ነው፤ ቀኑ የማንም ስጦታ አይደለም። ምልዓተ ጉባኤው ከግማሽ በላይ ነው፤ 547ቱ ወንበር ሁሉ ተሞልቶ ከሆነ 274 ሰው። እነዚህ ተገኝተው አፈ ጉባኤ ሲመርጡና ከመካከላቸው አንዱን ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሰይሙ፣ በአንቀጽ 74 የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥነቱ አብሮ ወደ አዲሱ ሰው ይሄዳል። አንቀጽ 87 ጦሩ ከማንኛውም የፖለቲካ ድርጅት ወገናዊነት ነፃ ሆኖ ይሥራ ይላል፤ አንቀጽ 9(3) ከሕገ መንግሥቱ ውጭ የመንግሥት ሥልጣን መያዝን ይከለክላል፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 238 ሕገ መንግሥታዊ ሥርዓቱን በኃይል ወይም በሌላ ሕገ ወጥ መንገድ የሚለውጥን ሰው ከ3 እስከ 25 ዓመት፣ ከባድ ጉዳት ከደረሰ እስከ ሞት ይቀጣል። ወረቀቱ ይህ ነው። በተግባር ግን ሥልጣን በምርጫ ከገዥ ፓርቲ ወደ ተቃዋሚ ሲሻገር አገራችን አይታ አታውቅም፤ መንገዱ ያልተረገጠ ነው።

የረገጥነው ሌላውን ነው። የካቲት 8 ቀን 2010 አቶ ኃይለ ማርያም ደሳለኝ መልቀቂያ አስገቡ፤ ተተኪያቸው ቃለ መሐላ የፈጸሙት መጋቢት 24 ነው። በመካከል ባሉት 46 ቀናት እሳቸው በቦታቸው ነበሩ። የሚያስመሰግን አወጣጥ ነው፤ ቢሆንም የቆየው በሥርዓቱ ሳይሆን በሰዎቹ ፈቃድ ነው።

ለሁለተኛው ሁኔታ፣ ዘመኑ አልቆ ምክር ቤት ሳይኖር ለሚመጣው፣ ሕገ መንግሥቱ ግልጽ ቃል የለውም። አንቀጽ 60 የሚናገረው ስለ መበተን ነው። ምክር ቤት ሲበተን በስድስት ወር ውስጥ ምርጫ ይደረጋል፣ እስከዚያ የነበረው መንግሥት የዕለት ተዕለት ሥራና ምርጫ ማደራጀት ብቻ ነው የሚፈቀድለት፤ አዲስ አዋጅና ደንብ ማውጣት፣ ያለውን መሻር አይችልም። በ2012 ነሐሴ ሊካሄድ የነበረው ምርጫ በወረርሽኙ ምክንያት ሲቀር አራት አማራጮች ቀረቡ፦ ምክር ቤቱን መበተን፣ አስቸኳይ ጊዜ፣ ማሻሻያ፣ የሕገ መንግሥት ትርጉም። የተወሰደው አራተኛው ነው። የሕገ መንግሥት አጣሪ ጉባኤው የባለሙያዎችን አስተያየት በቴሌቪዥን ሲሰማ ቆየ፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰኔ 3 ቀን 2012 የምክር ቤቶቹ ዘመን ወረርሽኙ የሕዝብ ጤና ስጋት አለመሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ከ9 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ምርጫ እስኪደረግ እንዲቀጥል ወሰነ። ትግራይ ክልል ጳጉሜ 4 የራሱን ምርጫ አካሄደ። የአምስት ዓመቱ ዘመን የሚያበቃበት መስከረም 25 ቀን 2013 ሲያልፍ አንዱ ወገን ሌላውን ሕጋዊ አይደለህም አለ። መስከረም 27 የፌዴሬሽን ምክር ቤት የክልሉ ድጎማ ከክልሉ አመራር ይልቅ ለወረዳና ለቀበሌ አስተዳደር እንዲሄድ ወሰነ፤ የአቢጃን ገንዘብ ክርክር በሌላ መልኩ ማለት ነው። በጥቅምት ጦርነት ተጀመረ። የጦርነቱ መንስኤ ይህ ብቻ ነው አልልም። ነገር ግን ሁለት ወገን ሁለት የተለያየ የማብቂያ ቀን ሲያነብ ምን ያህል አደገኛ እንደሚሆን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልገንም። ክፍተቱም እስካሁን በማሻሻያ አልተዘጋም።

ሐዋሳ ላይ ለሚያስተምር ሰው ከዚህም የቀረበ ምሳሌ አለ። አንቀጽ 47 ክልል የመሆን ጥያቄ የቀረበለት ምክር ቤት በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያደራጅ ይላል። የሲዳማ ዞን ምክር ቤት ጥያቄውን ያቀረበው ሐምሌ 11 ቀን 2010 ነው። ዓመቱ ሊሞላ ቀናት ሲቀሩት የምርጫ ቦርድ በአምስት ወር ውስጥ አካሂዳለሁ አለ፤ ሐምሌ 11 ቀን 2011 ሲደርስ ግን ሕዝቡ ቀኑን ቆጥሮ ይጠብቅ ነበር። ሕይወት ጠፋ፣ ንብረት ወደመ፣ ክልሉ በኮማንድ ፖስት ሥር ዋለ። ሕዝበ ውሳኔው ኅዳር 10 ቀን 2012 ሲካሄድ 98.51 በመቶ ድጋፍ አገኘ፤ ሰኔ 11 ቀን 2012 ሥልጣኑ ከደቡብ ክልል ምክር ቤት በይፋ ርክክብ ተደረገበት። ተማሪዎችዎ ያኔ ሕፃናት ነበሩ፤ ወላጆቻቸው ግን ያስታውሳሉ። «ቀኑ ካለፈስ?» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር አንቀጽ 47 ውስጥ ቢኖር ኖሮ፣ ከስንት ቀን በላይ እንደማይገፋና የሚያራዝመው ማን እንደሆነ ቢጽፍ፣ በሐምሌና በኅዳር መካከል የነበረው ባዶ ቦታ ባልተፈጠረ።

አስቸኳይ ጊዜን ዘመን ለማራዘም መጠቀም ይቻላል ወይ ብለው ቢጠይቁዎት፣ አንቀጽ 93 ምክር ቤቱ ሥራ ላይ ከሆነ በ48 ሰዓት፣ ካልሆነ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀርብለትና በሁለት ሦስተኛ እንዲያጸድቀው ያዛል። ስድስት ወር ይቆያል፤ ከዚያ በየአራት ወሩ የሚታደሰው በዚያው ምክር ቤት ነው። ዘመኑ ያለቀ ምክር ቤት ያድሰዋል ወይ? እኔ አያድስም ከሚሉት ወገን ነኝ።

ደብዳቤው ሲመጣ

ለመጨረሻው ጥያቄዎ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 74 የበታች ሠራተኛ ትእዛዙ ሕገ ወጥ መሆኑን፣ በተለይም ያለ ሥልጣን መሰጠቱን እያወቀ ከፈጸመ ይጠየቃል ይላል፤ ፍርድ ቤት በዲሲፕሊን ግዴታ መነሳሳቱን አይቶ ቅጣት ሊያቀልለት ይችላል እንጂ «ታዝዤ ነው» ማለት ብቻውን አያድነውም። ስለዚህ ሁለት ጽሕፈት ቤቶች ሁለት ደብዳቤ ቢልኩ ሁለቱንም መዝገብ ቤት ተቀብሎ ቀንና ሰዓት ጽፎ ቁጥር መስጠት፣ የሕግ አገልግሎቱን የጽሑፍ አስተያየት መጠየቅ፣ በስልክ የመጣውን ትእዛዝ በጽሑፍ ይድረሰኝ ማለት ነው። ማህተም፣ የሒሳብ ሰነድና የንብረት ቆጠራ ከቢሮ እንዳይወጣ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ከእንደዚህ ዓይነት ቀናት በኋላ የሚጠፋው መጀመሪያ እሱ ነው። አዲስ ቅጥር፣ አዲስ ግዢ፣ አዲስ ውል መጀመር አይገባም። የተለመደው አገልግሎት፣ ትምህርቱ፣ ሕክምናው፣ ውኃው ግን መቆም የለበትም፤ ይህ የማንም ወገን ትእዛዝ ሳይሆን ቀድሞ በጸደቀ ሕግና በጀት የሚሠራ ነው።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የምክር ቤቱ ዘመን የሚያልቀው በመስከረም መጨረሻ ነው። ክርክሩ በጥቅምት ቢነሳ የዓመቱ በጀት ገና የዘጠኝ ወር ሕጋዊ ዕድሜ አለው፤ የእርስዎ ደመወዝ ደግሞ በክልሉ ምክር ቤት በጸደቀው በጀት ውስጥ ነው ያለው። የፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ባልደረባ የጥቅምትን የደመወዝ ሰነድ ሲያዘጋጅ የሚጠቅሰው የበጀት አዋጁን ቁጥር ነው፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ማን ነው የሚለውን መፍታት አይጠበቅበትም።